በድሬዳዋ የሞላሁት ቅጽ

ድሬዳዋ የሄድኩት በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጉዞው ስድስት ቀን ፈጀ። ዘመኑ የደርግ ነበር፤ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ወጥቶ፣ ወጣት ያለበት ቤት ሁሉ በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥበት ጊዜ። ከዚያ ጉዞ ለጓደኞቼ የማወራው አላጣሁም። ሱሪዬ ባቡር ላይ እንዴት እንደተተረተረ፣ ሙቀቱ እንዴት እንዳቀለጠኝ፣ የድሬ ሰው ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» እያለ እንዴት እንዳስደነገጠኝ ስንት ጊዜ አውርቼ ስንቱን አስቄያለሁ። ሐሙስን ግን ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ከረቡዕ ወደ ዓርብ ስሻገር እስካሁን ያስተዋለኝ ሰው የለም። አሁን ሁሉንም ቀን በተራው እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ የጽሕፈት መኪናና የማባዣ መሣሪያ ጥገና ነው። ማባዣን ለማያውቅ ሰው፦ ታይፒስቷ ሰም በተቀባ ወረቀት ላይ፣ ስቴንስል በምንለው ላይ፣ ትመታለች፤ ስቴንስሉ ቀለም ባለው ከበሮ ላይ ይጠቀለላል፤ እጀታው ሲዞር የፈለጉትን ያህል ቅጂ ይወጣል። በዚያ ዘመን የስብሰባ ጥሪ፣ መመሪያ፣ የሚፈለግ ሰው ስም፣ ሁሉም ሕዝብ ዘንድ የሚደርሰው በዚህች መሣሪያ ነበር። ድሬዳዋ የሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማባዣው ተበላሽቶበት ሥራው ስለቆመ እኔ ተላክሁ።

ሰኞ

ከለገሃር በጠዋት ተነሣን። ጉለሌ ከቤቴ ስወጣ ብርዱ ጥርስ ያፋጭ ስለነበር ካፖርት ደርቤአለሁ። ካፖርቱ ሞጆ ላይ ወለቀ፣ ሹራቡ መተሐራ ላይ፤ ሚኤሶ ስንደርስ ካናቴራዬም ከበደኝ። የተቆረጠልኝ የሁለተኛ ማዕረግ ቲኬት ነበር። ናዝሬት ላይ መኮንኖች ሲሳፈሩ ግን እኛ ሲቪሎቹ ወደ ሦስተኛ እንድንሄድ ተነገረን። ያስነሣኝ ሰው አልተቆጣኝም፤ ፊቴንም አላየኝም፤ ሻንጣዬን ከመደርደሪያ አውርዶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ሦስተኛ ማዕረግ ዶሮው፣ ጆንያው፣ ሕፃኑ አንድ ላይ ነው፤ መቀመጫው የእንጨት አግዳሚ። ቁጭ ስል ያፈነገጠ ምስማር ሱሪዬን ከኪሱ እስከ ጉልበቱ ተረተረው።

ፊት ለፊቴ አንድ ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ፣ ሽርጥ ያገለደሙ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

«አይዞህ አቦ» አሉኝ፤ «ቤቴ ልብስ ሰፊ አለ።»

ስማቸው አብዱላሂ ነው። ድሬ ተወልደው፣ የባቡር ጋራዥ ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። አዲስ አበባ የመጡት ለዓይናቸው ሕክምና ነበር። እኔ እንደ አገሬ ልማድ «ጋሽ አብዱላሂ፣ እርስዎ» ስላቸው እጃቸውን አወናጨፉ።

«አንተ በለኝ ወላሂ! እርስዎ ስትለኝ ፖሊስ የጠራኝ ይመስለኛል።»

አንተ ማለቱን አልቻልኩበትም፤ አሁንም ስጽፍ አልችልበትም።

አዋሽ ላይ ወታደሮች የይለፍ ወረቀት ሊያዩ ገቡ። ያን ጊዜ ወደ ምሥራቅ ያለ ይለፍ ንቅንቅ የለም። የጋሽ አብዱላሂ ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ የዓይን መድኃኒት ፈስሶበት ማኅተሙ ጠፍቷል። ወታደሩ «ውረድ» አላቸው። እሳቸውም ለመውረድ ኮሮጇቸውን አነሡ፤ አልተከራከሩም፤ ብዙ ጊዜ የወረዱ ሰው ይመስላሉ። እኔ ብድግ አልኩና ደብዳቤዬን ዘረጋሁ። ባለ ሁለት ማኅተም፣ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» የሚል ደብዳቤ ነበር። «እኚህ አባት ከኔ ጋር ናቸው» አልኩ። ወታደሩ ሰላምታ ሊሰጠኝ ምንም አልቀረው።

«ወረቀትህ አፍ አለው» አሉኝ ጋሽ አብዱላሂ ባቡሩ ሲንቀሳቀስ። ከኮሮጇቸው ሳንቡሳና ቴምር አውጥተው በእጃቸው አጎረሱኝ። ያን ቀን ኩራቴ ልክ አልነበረውም፤ ቀዳዳ ሱሪ ለብሼ የሚኒስትር ያህል ተሰማኝ።

ድሬ ከመድረሳችን በፊት ያለው ጣቢያ ሁርሶ ነው። ባቡሩ ብዙ ቆመ። ጭንቅላታቸውን የተላጩ ልጆች ከኋላ ፉርጎ ጆንያ እያወረዱ ይሸከማሉ። እኔ በመስኮት ፓፓዬ ገዛሁ። ጋሽ አብዱላሂ በዚያ ሁሉ ሙቀት መስኮቱን ሳቡና ዘጉት። ለምን እንደዘጉት አልጠየቅኋቸውም፤ ፓፓዬው ይጣፍጥ ነበር።

ሆቴል የተያዘልኝ ክፍል ለስብሰባ ለመጡ ልዑካን ተሰጥቶ ጠበቀኝ። ሻንጣዬን ይዤ ደረጃው ላይ ቆሜ ሳለ ጋሽ አብዱላሂ ከጋሪ ላይ ሆነው ያዩኛል። ሳይሄዱ ጠብቀውኝ ነበር።

«እኔ አውቅ ነበር» አሉኝ። «ና ውጣ፤ ቤት አለ።»

ማክሰኞ

ቤታቸው መጋላ ነው፤ ደቻቱ የሚባለው የአሸዋ ወንዝ ማዶ፣ መንገዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍበት ሰፈር። በኛ አገር ግቢ ማለት ባሕር ዛፍና አጥር ነው፤ እዚህ ግቢውም ግድግዳውም የጋራ ነው። የነጋሽ አብዱላሂን ቤት ከጎረቤታቸው ከፋጡማ ቤት የሚለየው አንድ ግድግዳ ሲሆን፣ መካከሉ ላይ አንድ ሳህን የምታሳልፍ ትንሽ መስኮት አለችው። ጠዋት ከዚያች መስኮት በዘይት የተጠበሰ ትኩስ ባጊያ ገባ፤ ከዚህ ደግሞ ሆጃ፣ ያ በቡና ቅጠልና በወተት የሚፈላው፣ በማንቆርቆሪያ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች ሳይተያዩ በኦሮምኛም በሶማልኛም ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ ይሰዳደባሉ። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ኖረዋል አሉኝ። እኔ ጉለሌ የጎረቤቴን ሚስት ስም አላውቅም።

የጋሽ አብዱላሂ ሚስት አዴ ሐሊማ ሳህኔ ጎደል ባለ ቁጥር «ኛዱ! ኛዱ!» ይላሉ፤ ብላ ማለታቸው ነው። ሁለት ወንዶች ልጆች ወልደዋል። ትልቁ ወደ ጅቡቲ ተሻግሮ ወሬው ጠፍቷል። የቀራቸው ነስሩ ነው፤ ቀጭን፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ። የስፌት መኪናውን ጓዳ ውስጥ አስገብቶ ይሰፋል። እንደዚያ ባለ ሙቀት በረንዳ እያለ ጓዳ መታጎሩ ገረመኝና «ለምን ውጭ አትሠራም?» አልኩት። «ፀሐይ አልወድም» አለኝ። አመንኩት። ሱሪዬን ተቀብሎ ቁርስ በልቼ ሳልጨርስ መለሰልኝ፤ ስፌቱ የት ጋ እንደሆነ ለማግኘት ብርሃን ላይ ዘርግቼ ማየት ነበረብኝ። ዋጋውን ስጠይቀው ተቆጣ።

ጋሽ አብዱላሂ እስከ መሥሪያ ቤቱ ሸኙኝ። መሥሪያ ቤቱ ቀዚራ ነው። አሸዋውን ተሻግሮ ቀዚራ የገባ ሰው ሌላ አገር የመጣ ይመስለዋል፤ መንገዱ በክር የተለካ፣ ዛፉ ግራና ቀኝ ጥላ የጣለ፣ ቤቱ ሰፊ በረንዳ ያለው። ከመጋላ የአሥር ደቂቃ መንገድ ቢሆን ነው። እኔ «እንዴት ያለ ውብ ሰፈር ነው!» እያልኩ አንገቴን ሳዞር፣ ጋሽ አብዱላሂ አንድ ጥግ ላይ ቆሙ።

«ባቡሩ ሲመጣ ፈረንጆቹ እዚህ ገመድ ይዘው መጡ» አሉኝ። «ገመድና የእንጨት ካስማ። ያንዱን ጫፍ ፈረንጁ ይይዛል፣ የወዲያኛውን ደግሞ አባቴ። ጎረምሳ ነበር፤ ያዝ አሉት፣ ያዘ። ጎትት አሉት፣ ጎተተ። ከተማ ሲሠራ ዋለ። በመጨረሻ ካናቴራ ሰጡትና ‹አንተ ወዲያ ማዶ ሥራ› አሉት ቤቱን።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል? ገመዱ ምን እንደሚለካ መቼ አወቀ። ኋላ ጣሊያን መጣ፣ ወረቀት አመጣ፤ ጣሊያን ሄደ፣ ወረቀቱ ቀረ። የጃንሆይ ሰው መጣ፣ ወረቀት ጠየቀኝ። አሁን ደግሞ እነዚህ ጓዶች። ሰዉ ይቀያየራል እንጂ እኔ ሁልጊዜ የወዲያ ማዶ ሰው ነኝ። ገመዱን የያዘው ግን አባቴ ነው። ሲሞት እንኳ ይህን ነበር የሚያወራው።»

ለማጽናናት ያህል «ያ ድሮ ቀረ» አልኳቸው። እሳቸውም ጨዋ ስለሆኑ «ኢንሻአላህ» አሉ።

ማባዣውን ፈታሁት። ከበሮው ቀለም ደርቆበት፣ ወረቀት ሳቢው ዘንጉ ጎብጦ ነበር። እዚህ ላይ ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ሥራዬን እወዳለሁ፣ እችልበታለሁም። የጎበጠ ዘንግ ሳቃና ዓለም ሁሉ የተቃና ይመስለኛል።

ረቡዕ

እንግዳ ያሳደረ ሰው ለቀበሌ ማሳወቅ ነበረበት። እኔ ሁለት ሌሊት ሳልመዘገብ ማደሬ አስጨነቀኝ። ጋሽ አብዱላሂ «ተው አቦ፣ ማን ያይሃል» ቢሉኝም ነዘነዝኳቸው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ ሥራዬን ነው የሚያሳጡኝ አልኩ። ለኔ ሲሉ ተሸነፉ። ነስሩ እንኳ ከጓዳ ብቅ ብሎ አባቱን አይቶ ተመልሶ ገባ።

ከሣጥናቸው የታጠፈ ባዶ ቅጽ አወጡ። አማርኛ አይጽፉም፣ አያነቡም። አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክተው ከታች አሻራቸውን አሳረፉበት።

«ስምህን ጻፍበትና ስጣቸው» አሉኝ። «እኔ ከሄድኩ ጥያቄ ይበዛል።»

ልብ በሉ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ነው አሻራቸውን ያደረጉት። አዋሽ ላይ በወረቀት ያዳንኳቸው ሰው ነኛ።

ቀበሌው ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ቅጹን ጭኔ ላይ ዘረጋሁ። ከላይ የእንግዳው ስም፣ የመጣበት ምክንያት። ሞላሁ። ከዚያ በታች «በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ዝርዝር» የሚል ሠንጠረዥ አለ። ጋሽ አብዱላሂ ስምህን ብቻ ጻፍ ብለውኛል። እኔ ግን ስንት ዓመት ሙሉ ቅጽ ስሞላ የኖርኩ፣ ባዶ ቦታ ያለበት ቅጽ «ያልተሟላ» ተብሎ ሲመለስ ያየሁ ሰው ነኝ። ባዶ ቦታ ያሳክከኛል። አብዱላሂ ብዬ ጻፍኩ፣ ጡረተኛ። ሐሊማ፣ የቤት እመቤት። ነስሩ አብዱላሂ፣ ልብስ ሰፊ። ዕድሜ የሚለው ጋ ትንሽ አሰብኩ። ጢሙ ገና ማቆጥቆጡ ነው። ዐሥራ ስምንት ብዬ ሞላሁት። እጅ ጽሑፌ በጣም ያማረ ነው፤ ከተማሪ ቤት ጀምሮ የምመሰገንበት ነው። ያን ቀን ደግሞ ለባለውለታዬ ስለሆነ ተጠንቅቄ ጻፍኩ። በር ላይ ለተቀመጠችው ልጅ ሰጥቼ፣ የልብ ልብ ተሰምቶኝ ሄድኩ።

ማታ አዴ ሐሊማ ሑልበት፣ እኛ አብሽ የምንለው፣ ያለበት ሽርባ አቀረቡልኝ። ጋሽ አብዱላሂ «ጻፍክ?» አሉ። «ጨርሻለሁ» አልኳቸው። መረቁኝ።

ሐሙስ

ጠዋት ማባዣው ሠራ። የመጀመሪያዋ ወረቀት ንጹሕ ሆና ስትወጣ ሙሉ የምትባለው ታይፒስት አጨበጨበች። ኃላፊው ትከሻዬን መታ አደረገኝ። ወዲያው ሥራ መጣ፤ ለወታደራዊ ሥልጠና የሚላኩ ወጣቶች ስም ዝርዝር በየቀበሌው ሊበተን ነው። ስንት ቀን የቆመው ሥራ ይኸው ነበር። ኃላፊው ወደኔ ዞሮ «ከዚህ ክፍል የሰማኸው እዚሁ ይቅር» አለኝ፤ ፈገግ እያለ ነው ያለው፣ ግን እንዲህ ያለ ፈገግታ በዚያ ዘመን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ታይፒስቷ ስቴንስሉን መታ ልትጨርስ ስትል ከአንድ ቀበሌ ተጨማሪ መጣ። ቀበሌው የተመደበበት ቁጥር ሁለት ሰው ጎድሎት ኖሮ፣ አሁን ሁለቱንም አገኘሁ ብሎ ማስረጃውን በስፒል አያይዞ ልኳል። ታይፒስቷ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ አየችና፦

«ማነው እንዲህ የሚጽፍ? እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው! ምነው ሁሉም እንዲህ ግልጥ አድርጎ ቢጽፍልን» አለች።

አሳየችኝ። የኔ ቅጽ ነው። ከታች የጋሽ አብዱላሂ አውራ ጣት አለ።

ጓዳ ውስጥ የሚሰፋው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዎቹ ለቀበሌው ልጃቸው የለም ብለው ነው የኖሩት። አባትየው የምልምል ወታደሮች ማሠልጠኛ ባለበት ሁርሶ ላይ መስኮት የዘጉት ለምን እንደሆነም ገባኝ። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባኝ፤ ምንም ላያደርግልኝ።

ሙሉ መታችው። ነስሩ አብዱላሂ፣ 18፣ ልብስ ሰፊ። ስቴንስሉን ከበሮው ላይ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ፤ መሣሪያው ገና ስለተጠገነ የመጀመሪያውን ሥራ ራስህ አዙር ተባልኩ። በቀኝ እጄ እጀታውን ይዣለሁ፣ በግራዬ መፍቻ አለ። አንዲት ብሎን ነበረች። እሷን ግማሽ ዙር ባላላት ዘንጉ ይወድቃል፣ ሥራው ቢያንስ ለሁለት ቀን ይቆማል፣ የኔ ጥፋት መሆኑን ከኔ በቀር የሚያውቅ አይኖርም። ይህን ሁሉ አስቤያለሁ። ከዚያ «ቢያውቁብኝስ» አልኩ፤ «ደግሞ በእጅም ቢሆን ይጽፉታል» አልኩ፤ «ሕግ ነው፣ የሰው ሁሉ ልጅ እየሄደ ነው» አልኩ። ሰበብ ሲፈለግ እንዴት ተሯሩጦ ይመጣል! መፍቻውን አስቀምጬ እጀታውን አዞርኩት። አንድ በአንድ፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ቅጂው በየቀበሌው ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የአብዮት ጠባቂዎች ልጆቹን ሊይዙ እንደሚሰማሩ ሰማሁ። ሰዓቱ ስድስት ነበር።

ሦስት ሰዓት ነበረኝ። መጋላ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። እናትየው ሐርላ ዘመዶች አሏቸው፤ ከከተማው ወጣ ያለ ገጠር ነው፤ ልጁ በእግሩ እንኳ ቢነሣ ይደርሳል።

አሸዋውን በሩጫ ተሻገርኩ። በሩን ስከፍት ግን ቤቱ ሁሉ ለኔ ተሰናድቶ ጠበቀኝ። ልትሄድ ነው ብለው ፍየል አርደዋል። ሩዝ በትልቅ ሰሃን፣ ሥጋው ከላይ፣ ሙዝ በጎን። ፋጡማም በመስኮቷ ቲማቲም በቃሪያ የተፈጨ ዳጣ አሳልፋለች። «ቁጭ በል፣ ሙቀት ጨርሶሃል» አሉኝ አዴ ሐሊማ፤ እጄን በራሳቸው እጅ አስታጠቡኝ። ልናገር አፌን ስከፍት ጉርሻ ገባበት። ልናገር ማለት እንዴት አወቅህ መባል ነው። ከበላን በኋላ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

ከበላን በኋላ ሻይ መጣ። ከሻዩ በኋላ አልኩ።

ከሻዩ በኋላ ነስሩ ሜትር አንገቱ ላይ ጥሎ፣ ነጭ ጨርቅ ይዞ ከጓዳ ወጣ።

«ቁም አቦ፣ ልለካህ» አለኝ። «የአዲስ አበባ ካፖርትህ እዚህ አይሆንም። ሸሚዝ ልስፋልህ፤ ሳትሄድ ይደርሳል።»

ቆምኩ። ትከሻዬን ለካ። እጄን አስዘርግቶ ክንዴን ለካ። ደረቴን ሲለካ ጭንቅላቱ አፍንጫዬ ሥር ነበር፤ የፀጉሩን ሽታ አውቀዋለሁ፣ የሳሙናና የማሽን ዘይት። «ትንፋሽህን ልቀቀው» ብሎ ሳቀብኝ፤ ይዤው ነበር። ወንድ ልጅ በዚህ ዕድሜው አንድ ቃል ማውጣት ሲያቅተው ምን ይባላል? ፈሪ ይባላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ጨርቁን ወለሉ ላይ ዘርግቶ በኖራ አሰመረበትና ቆረጠው። ጋሽ አብዱላሂ ጫታቸውን ይዘው ትራስ ላይ ጋደም ብለዋል። ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ተኩል ነበር።

«ነስሩ» አልኩ።

«አቤት።»

«ሸሚዙ ኪስ ይኑረው» አልኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጡ። አራት ነበሩ፤ ወረቀት ይዘዋል፤ የኔን ወረቀት፣ ቀለሙ ገና ያልደረቀውን። አንደኛው የፋጡማ የእኅት ልጅ ነው። ነስሩ ወደ ጓዳ ሮጠ፤ ጓዳው መውጫ የለውም። አዴ ሐሊማ መሬት ላይ ተቀምጠው የልጁን ቁርጭምጭሚት ያዙ። አልጮሁም፤ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ብቻ ይላሉ በዝግታ። ጣታቸውን ከእግሩ ላይ አንድ በአንድ ነው ያላቀቁት። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ወሰዱት።

ዓርብ

አዴ ሐሊማ ጠዋት ፊቴ ቆሙ።

«አንተ ጻፍልን» አሉኝ። «ወረቀትህ ይሰማል። ልጄ ዐሥራ ሰባቱም ገና ነው፤ ደቻቱ ሞልቶ የአባቴን ፍየሎች በወሰደ ዓመት ነው የወለድኩት። ቁጠረው።»

ቆጠርኩት። ዐሥራ ሰባት አይሞላም። ዕድሜውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ማመልከቻውን ባለኝ ችሎታ ሁሉ ጻፍኩ፤ ሁለት ገጽ። ቀበሌ አብረን ሄድን። ሊቀመንበሩ አንብቦ ሲጨርስ ፋይል ከፍቶ ቅጹን አወጣ።

«እማማ፣ ጎርፍ ማስረጃ አይሆንም» አላቸው። «እዚህ ዐሥራ ስምንት ይላል። ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ሁሉም ተሟልቷል።»

«ማን ጻፈው?» አሉ አዴ ሐሊማ።

«ማን ጻፈው ምን ያደርግልሻል? ተጽፏል።»

ሁለቱ ወረቀቶች፣ ቅጹና ማመልከቻው፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ሊቀመንበሩ አንዱን አየ፣ ሌላውን አየ፣ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደኔ አነሣ። አወቀ። ቅጹን መልሶ ፋይሉ ውስጥ አስገባው።

አዴ ሐሊማ ክንዴን ያዙኝ። «ልጄ፣ አንተ አንባቢ ነህ፤ የማን እጅ እንደሆነ አልለየኸውም?»

«አላውቀውም» አልኳቸው።

ቤት ስንደርስ አዴ ሐሊማ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄዱ። ከነጋ ጀምሮ ፋጡማ በመስኮቷ እያለቀሰች ትጣራ ነበር። ሌላ ማን ያውቅ ነበር ልጁ ቤት መኖሩን? የእኅቷ ልጅ አይደል የመጣው? ጋሽ አብዱላሂ የቆርቆሮ ቁራጭ አምጥተው መስኮቷ ላይ በምስማር ይመቱት ጀመር። ፋጡማ ከወዲያ «ሐሊማ! ወላሂ እኔ አይደለሁም! በልጆቼ!» ትላለች። መዶሻው አላቆመም። እኔ ቆርቆሮውን በስተግራ በኩል ደግፌ ያዝኩላቸው። ያዝልኝ ስላሉኝ።

ቅዳሜ

ጋሽ አብዱላሂ እስከ ጣቢያው ሸኙኝ። አዴ ሐሊማ ለመንገድ ዳቦና ቴምር ቋጥረውልኛል፤ ከቴምሩ ሥር የተቆረጠው ነጭ ጨርቅ አለ፣ አካሉ ለብቻ፣ እጅጌው ለብቻ፣ ኪሱም ተቆርጧል። «ሰፊ አዲስ አበባም አይጠፋም» ብለው ነው የሰጡኝ።

ሕዝቡ ሲሳፈር ጋሽ አብዱላሂ እጄን ይዘው ቆዩ። በፋሻ ባልታሰረው ዓይናቸው አዩኝ።

«አንተ ስምህን ብቻ ነው የጻፍከው፤ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ልጠይቅህ ብዬ አይደለም» አሉና ለቀቁኝ።

በመጀመሪያው ጣቢያ፣ ሁርሶ፣ ባቡሩ እንደ ሰኞው ብዙ ቆመ። ጭንቅላታቸውን የተላጩ ልጆች ዛሬም ጆንያ ይሸከማሉ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው፤ ከነሱ መሐል አንዱን መለየት አይቻልም። ፓፓዬ የሚሸጡት ሴቶች በመስኮቴ በኩል መጡ። መስኮቱን ሳብኩና ዘጋሁት።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ደብዳቤ ደርሶኛል። ሁለቱንም በገበያ የሚቀመጥ ጸሐፊ ነው የጻፈላቸው። የመጀመሪያው ስለ ማመልከቻው ያመሰግነኛል፣ ለብዕሬ ዱዓ ያደርጋል። ሁለተኛው የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። ነስሩ ወደ ሰሜን እንደተላከና እንዳልተመለሰ ይናገራል። የጋሽ አብዱላሂ ሁለተኛውም ዓይን ጨልሟል። አዴ ሐሊማ ሸሚዙ በልኬ ሆኖልኝ እንደሆነ ይጠይቃሉ። መጨረሻው ላይ፣ ወረቀቱ ሊያልቅ ሲል ጸሐፊው ያጣበባት አንዲት መስመር አለች፤ ከፋጡማ ጋር እስከ ዛሬ አንነጋገርም፣ መስኮቷም እንደተዘጋች ናት ትላለች።

መልስ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ፋጡማ አይደለችም የምትል አንዲት መስመር ትበቃ ነበር። በዚያው በሚመሰገነው እጅ ጽሑፌ ሰላምታ ጻፍኩ፣ ሸሚዙ በልኬ ነው ብዬ ጨመርኩ፣ የቀረውን ገጽ ባዶ ተውኩት።